ከምሳ በኋላ ዘጠና አንድ

ወልቂጤ፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ አብዶ፣

«ቆጮ የስኳር በሽተኛን አይነካውም፤ አባቴ ጠዋት ማታ ቆጮ በልቶ ነው ዘጠና ዓመት የኖረው።»

ይህን ያሉት አንዲት የቸሃ ሴት ናቸው። ጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆመው ለአጠገባቸው ሰው ሲነግሩ ጮክ ብለው ስለነበር ለእኔ ጆሮ እንኳ ደረሰ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምንጩን ሳታጣሩ አትጻፉ እያልኩ የስንቱን ልጅ ማርክ ቀንሻለሁ። ሴትዮዋን ግን ምንጭ አልጠየቅኋቸውም። ስምንት ቀን ሙሉ ጠዋትም ማታም ቆጮ በላሁ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስለካ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሆንኩ። አባታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ እንዴት አድርገው ይበሉት እንደነበር ልጠይቃቸው አልችልም።

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፣ ይቅርታ። ደህና ነህ? ሳሌሃስ? የመስቃን በርበሬ ዘንድሮ እንዴት ነው?

ስለ እግሬ ጠይቀሃል። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ቁስል እንዳለ ነው። አያመኝም፤ ዶክተሩ ግን ቢያምህ ይሻል ነበር ይላል። ለመጋቢት 16 ቀጥሮኛል። የጠዋቱ ስኳር እስከዚያ ከመቶ ሃምሳ በታች ወርዶ ከቆየ ጉዳቱ ጣቷ ላይ ይቆም ይሆናል፤ ካልወረደ ግን «ስለ እግሩ እንነጋገራለን» አለኝ። እንነጋገራለን የምትለዋን ቃል ወደድኳት፤ እኔም ድምፅ ያለኝ አስመሰለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ እግሬን ማየት ነው። ባለቤቴ ፀዳለ ከሞተች ሦስት ዓመቷ፤ ሦስቱን ዓመት የኖርኩት በማካሮኒ፣ በዳቦና አራት ማንኪያ ስኳር በገባበት ሻይ ነው። አንድ እግሬን ቢወስዱት ማካሮኒውን እንኳ ቆሞ የሚቀቅል አይኖርም።

ዐቢይ ጾምን ትተዋለህ ወይ ላልከው፦ ዶክተሩ ቁርስህን ብላ፣ ክኒኑን ከምግብ ጋር ዋጥ፣ ሆድህን ባዶ አታውለው ብሏል። የንስሐ አባቴም መድኃኒት ነው ብለው ፈቅደዋል። እግዚአብሔርም የሚፈቅድ ይመስለኛል። ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ይህን ጾም ፈትቼ አላውቅም። ያንተ ስኳር ደግሞ ከእኔ ሁለት ዓመት ይቀድማል፤ ረመዳናችሁም ዘንድሮ ከጾማችን ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው፤ አንተ ቀን ከበላህ እበላለሁ፣ ካልበላህ አልበላም። ብቻዬን አላፈርስም። ማስረጃ ግን እፈልጋለሁ። በየሐሙሱ ሁለት ቁጥር ላክልኝ፤ የጠዋቱንና ከምሳ በኋላ ያለውን።

ደውልልኝ ማለትህን ተው። ስልክ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ የምሰማው የንብ ቀፎ ነው፤ በስልክ የምትልከው ጽሑፍም ለዓይኔ ጤፍ ነው። ተካ ሚኒባሱን ይዞ በየሐሙሱ ይመላለሳል፤ ወረቀት ይበቃናል።

ያረጋል


ቡታጅራ፣ የካቲት 7

ለመምህሬ ያረጋል፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሳሌሃ ሰላም ብላሃለች፤ የቆጮውን ሳነብላት ግን በሳቅ ወድቃ ወንበር ይዛ ነው የተነሳችው።

መምህር፣ ቆጮ እኮ የእኛ ነው፤ አድገንበታል። እኛ ግን አንድ ቁራጭ እንቆርስና ጎመኑን እንከምርበታለን። አንተ ቆጮውን ከምረህ ጎመኑን ረሳኸው። ከእንግዲህ ስትቀመጥ መጀመሪያ ጎመኑን ብላ። ቀጥሎ ምስሩን ወይ እንቁላሉን። እንጀራውም ቆጮውም መጨረሻ ይምጣ፣ ከግማሽ እንጀራም አይለፍ፤ ጠግበህ ስለምትደርስበት አታዝንበትም። ማካሮኒውን ለማትወደው ሰው ስጠው። ስኳሩን ከቤት አውጣው፤ ካላየኸው አትፈልገውም። ለሌላ ሰው ከምግብ በኋላ ትንሽ ተራመድ እለው ነበር፤ አንተ ግን እግርህን አሳርፈው። ለረፋድ የገብስ ቆሎ ልኬልሃለሁ፤ ልኩ እፍኝ ነው፣ ያንተ እፍኝ ትልቅ ስለሆነ የሳሌሃን አስብ።

ቃሉን ተቀብያለሁ። ሸኽ ኡበይድም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው ብለውኛል። በተካ በላክኸው ቁራጭ ወረቀት ላይ «ማልልኝ» ብለሃል። የበርበሬ ነጋዴ መሐላ ምን ያደርግልሃል፤ ገበያ ላይ ስንቴ ስምል ሰምተኸኛል። ቁጥር ይሻልሃል። ቁጥሩ ይደርስሃል።

ጎረቤትህ አብዶ (ከሄድክ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆንህም)


ወልቂጤ፣ የካቲት 18

ወንድሜ አብዶ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ እንቁላል ስጠብስ ነው።

በዐቢይ ጾም እንቁላል የሚጠብስ ሰው ሥራው ብዙ ነው። በሩን ይቆልፋል፤ መስኮቱን ይዘጋል፤ የዘይቱ መንጫጫት እንዳይሰማ ሬዲዮ ይከፍታል። እኔ ሬዲዮውን ስለማልሰማው ምን ያህል እንደምከፍተው አላውቅም። ጎረቤቴ መንበረ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ዜና አብዝተዋል» አለችኝ። ቅርፊቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጣለሁ። እግዜርን አልፈራሁም፤ እሱ ፈቅዷል። የምፈራው መንበረን ነው።

ቁስሉ ይሸታል ወይ ብለሃል። ይሸታል። ማንም ደፍሮ አልጠየቀኝም ነበር፤ ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ።

የእኔ የጠዋት ቁጥር ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ነው። ከሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሲታይ ውጤት ነው፤ ከአንተ ጋር ሲታይ ግን ውርደት ነው። ጠዋት ዘጠና አራት፣ ከምሳ በኋላ ዘጠና አንድ! ወረቀትህን ለዶክተሩ አሳየሁት። «ጓደኛዎ እውነት ስኳር አለባቸው?» አለኝ። አለበት፣ ሥነ ሥርዓትም አለው አልኩት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰው ምሳ በልቶ ቁጥሩ እንዴት ይወርዳል? እኔ ጎመን ሳሸት እንኳ ይወጣብኛል። ምን እንደምትበላ በዝርዝር ጻፍልኝ፤ አንዷንም ሳታስቀር። ዛሬ ጠዋት ጣቷን ሳያት ጠርዟ ጠቁሯል። ሃያ ስምንት ቀን ቀርቶኛል፤ መቁጠር የለመደ ሰው መሆን መጥፎ ነው።

ያረጋል


ቡታጅራ፣ የካቲት 19

ለመምህሬ ያረጋል፣

እንኳን እንቁላሉን በላህ። ሬዲዮውን ግን ቀንሰው።

ምሳህን ጻፍልኝ ስላልከኝ እጽፋለሁ። ጎመኑ ገና ከጓሮ የተቀነጠሰ ነው፤ ሳሌሃ ቀጭን አድርጋ ትከትፈዋለች፣ ብዙ አታበስለውም፣ አረንጓዴነቱን ይዞ ይወጣል። አይቡ ትኩስ ነው፤ በጎመኑ ላይ ስታደርገው ዳር ዳሩ ይቀልጣል። ሚጥሚጣ ጣል ታደርግበታለች። ክትፎ ሳይሆን ቀይ የተጠበሰ ሥጋ፣ ሦስት ጉርሻ የሚሆን፣ ሽንኩርቱ ጠርዙ ላይ ቡናማ ያለ። ቆጮው ስስ፣ ከምጣዱ እንደወጣ፣ እጅ የሚያቃጥል፤ ስትቆርሰው ትንሽ ይሳባል። ከዚያ ውሃ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሙሉ ብርጭቆ፤ ብርጭቆው ከውጭ ያላበው።

ይኸው ነው። ብዙ ጻፍኩ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ሥራ የለም፤ ሐሳቤ ምግብ ላይ ነው።

ተካ እየተጣራ ነው። ዋናው ነገር ብላ፤ ምሳ እንዳታስቀር። ስለ ጣቷ ጥቁረት ለዶክተሩ ቀኑን ሳትጠብቅ ንገረው።

አብዶ


ወልቂጤ፣ የካቲት 28

ወንድሜ አብዶ፣

የማክሰኞውን ነገር ተካ አጋንኖ እንደነገረህ ከጥያቄህ ተረድቻለሁ። አልሞትኩም። ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ፤ በጥቁረቱ ተቆጥቷል፣ ቀኑን ግን አልለወጠም።

የሆነው ይህ ነው። ስለ ምሳህ የጻፍከውን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ስለ ውሃ እንዲህ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም፤ በርበሬ መነገድህ ለጽሑፍ ዓለም ጉዳት ነው። ሰኞ ዕለት እንደ አንተ በላሁ፤ አይብና ሥጋም ሳይቀር፤ ከንስሐ አባቴ ፈቃድ ምን ያህል እንዳለፍኩ አልጠየቅሁም። ከምሳ በኋላ ሁለት መቶ አሥር። ማክሰኞ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንተ ይህን ሁሉ በልተህ ዘጠና አንድ ከሆንክ፣ ለእኔ ዘጠና አንድ የሚገኘው ጭራሽ ባለመብላት ነው አልኩ። ስሌቱ ለእኔ ንጹሕ ነበር። ክኒኔን ዋጥኩ፣ ቁርሴን ቀነስኩ፣ ምሳ አስቀረሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሸሚዜ በላብ ተጣበቀብኝ። በሩን ለመክፈት ሄጄ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ የፀዳለን ካፖርት አየሁና ደህና ዋልሽ አልኳት። ከዚያ ያለውን የማውቀው መንበረ ስለነገረችኝ ነው። ወድቄ አገኘችኝ። ስኳር ፍለጋ ቤቱን ገለባበጠችው፤ በአንተ ምክር አውጥቼዋለሁ። የመድኃኒት ቤት ያህል ጎመን ነበር፣ አንዲት ፍሬ ስኳር ግን የለም። ከቤቷ ሮጣ አምጥታ ሦስት ማንኪያ በውሃ በጥብጣ፣ መዋጥ እችል እንደሆነ ደጋግማ ጠይቃ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችኝ። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ዳቦ አበላችኝ። ጤና ጣቢያ አድርሰው ሲለኩኝ፣ ስኳሩን ከጠጣሁ በኋላ እንኳ፣ ስልሳ ሁለት ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በለጥኩህ።

መንበረ አልጋው ሥር ያለውን የጋዜጣ ጥቅል አግኝታለች። የሁለት ሳምንት ቅርፊት። በማግስቱ ጠዋት በሰሃን የተጠበሰ እንቁላል በነጠላዋ ከልላ አመጣችልኝ፣ ራሷ እየጾመች። «ጋሼ፣ ሬዲዮውን አይክፈቱት፣ ልጆቹ ይነሱብኛል» ብላኝ ወጣች።

አብዶ፣ ፈርቻለሁ። ከፍ ሲል እግሬን ይወስዳል፣ ዝቅ ሲል እኔን። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። በመሃል ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥርህን እንዳታቋርጥብኝ። ጠዋት ተነስቼ እንቁላሉን የምበላው አንተም እዚያ እየበላህ ነው ብዬ ነው።

ተካ እንደከሳህ ነገረኝ። እንኳን ደስ ያለህ።

ያረጋል


ቡታጅራ፣ መጋቢት 2

ለመምህሬ ያረጋል፣

ደብዳቤህን ለሳሌሃ ሳነብ መሃል ላይ አቆምኩ። ቀሪውን እሷ ናት ያነበበችልኝ።

የእኔ ጥፋት ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ስኳሩን አውጣ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አሁን መልሰህ አስገባው። በኪስህ አራት ከረሜላ ይኑር፣ መንበረም የት እንዳለ ትወቅ። እጅህ ከተንቀጠቀጠ አትለካ፣ አታስብ፣ አትቁጠር፣ ከረሜላውን ብላ። ክኒን ከዋጥክ ምግብ መቅረት የለበትም። እህሉን ቀንስ እንጂ ሰዓቱን አትቀንስ።

ደግሞ ቁጥሬን አትከተል። የእኔ ቁጥር ለአንተ አይሆንም። ሁለት መቶ የነበረው መቶ ሰማንያ ከሆነ፣ እሱ ነው ያንተ ዘጠና አንድ። ቁጥር መላኩን ልተወው አስቤ ነበር፤ አንተ ግን አታቋርጥብኝ አልክ። እሺ።

አንድ ነገር ልጽፍልህ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ቀጠሮህ ይለፍና መጥቼ በአፌ እነግርሃለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ ጮክ ብዬ።

ከስተሃል ላልከኝ፣ አዎ ከስቻለሁ። ጽሑፌ ከተንጋደደብህ እጄ ስለደከመ ነው፤ ወደ መግሪብ አካባቢ እንዲህ ይለኛል። አይዞህ።

ወንድምህ አብዶ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 10

ጠዋት 93። ከምሳ በኋላ 91።

ብላ።


ወልቂጤ፣ መጋቢት 11

ወንድሜ አብዶ፣

እንኳን ለዒድ አልፈጥር አደረሰህ፤ ለሳሌሃም። ባትጾምም በዓሉ በዓልህ ነው። እኔም ሳልጾም ፋሲካን ልጠብቅ ነው፤ ሁለታችንም ሰው ባበሰለው በዓል የምንገባ ሆነናል።

የመጨረሻው ደብዳቤህ አራት ቃልና ሁለት ቁጥር ነው። አልተቀየምኩም፤ የበዓል ገበያ እንደሆነ አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፍህ ግን በአንድ ሳምንት ተሻሽሏል፤ «ብላ» የምትለዋን የጻፍክበት «ብ» ቀጥ ብላ ቆማለች። ማርክ ብሰጥ ከአሥር ዘጠኝ።

ተካን ስለ አንተ ጠየቅኩት። ከመኪናው ሳይወርድ «ደህና ናቸው» አለኝና መስታወቱን ዘጋው። ተሳፋሪ ስለቸኮለበት ይሆናል። በሚኒባሱ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

አሁን ስማኝ። ዛሬ ጠዋት መቶ አርባ ስድስት! ትናንት መቶ አርባ ዘጠኝ ነበርኩ። ጎመኑ መጀመሪያ፣ ግማሽ እንጀራ መጨረሻ፣ ቆሎው በሳሌሃ እፍኝ፣ ሻዩ እንደ ቅጣት ያለ ስኳር፣ ከረሜላው በኪሴ። ዶክተሩ ጥቁረቱ ከጣቷ እንዳላለፈ ነግሮኛል። አምስት ቀን ቀረኝ። ልትነግረኝ ያሰብከውን ነገር ይዘህ ና፤ ከረሜላ ካለቀብህ ከእኔ ትወስዳለህ።

ያረጋል


ወልቂጤ፣ መጋቢት 18

ወንድሜ አብዶ፣

ጣቷን ወሰዷት። እግሩን ተዉልኝ።

ዶክተሩ የሦስቱን ሳምንት ቁጥሬን አየና «በዚህ ከቀጠሉ ይደርቃል» አለ። የመጨረሻው ጠዋት መቶ ሠላሳ ስምንት ነበር። የምጽፈው ትራስ ተደግፌ ነው፤ መንበረ ምግቤን እያመላለሰች ነው፣ በነጠላ መከለሉንም ትታለች። ሰፈሩ ሁሉ አውቆታል። ማንም ምንም አላለኝም፤ ያ ሁሉ ሬዲዮ በከንቱ ነው የጮኸው።

አንድ ነገር ልንገርህና እንዳትስቅ። እኔ ምክር የምሰማ ሰው አይደለሁም። ፀዳለ ሠላሳ ዓመት ስኳሩን ቀንስ ስትለኝ ጋዜጣ ሳነብ ነው የኖርኩት። ዶክተሩም ቢሆን ልጄ የሚሆን ሰው ነው። እግሬን ያተረፈው በየሐሙሱ ያንተ ወረቀት ነው። እንደ እኔ የታመመ፣ እንደ እኔ ያረጀ፣ እንደ እኔ ጾሙን የተወ ሰው በሥርዓት በልቶ ዘጠና አንድ ከሆነ፣ በሽታው ሰው የሚይዘው ነገር ነው ማለት ነው አልኩ። በዚህ ነው የተነሳሁት።

የትናንቱ ቁጥርህ ከምሳ በኋላ መቶ ስምንት ይላል። ከፍ ብለሃል። የዒድ ምግብ ይሆናል፤ ተጠንቀቅ።

አሁን ቀጠሮው አለፈ። ለምን አትመጣም? ለምንስ አትጽፍም? ተቀይመኸኝ ከሆነ በምን እንደሆነ ንገረኝ።

ያረጋል


ቡታጅራ፣ መጋቢት 22

ለተከበሩ ጋሽ ያረጋል፣

እንደምን ሰነበቱ? እግዜር ይማርዎ። እግርዎ ስለተረፈ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤውን ሳነብ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ እሱ እንደሚወደው።

የምጽፈው ሳሌሃ ነኝ። ጽሑፌን ማወቅ ነበረብዎ፤ በማታ ትምህርት «ብ»ን ቀጥ አድርጌ እንዳቆም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የመጋቢት 10ና የ17 ወረቀት የእኔ ነው።

አብዶ መጋቢት 6 ቀን፣ እሑድ፣ አርፏል። የረመዳን ሃያ ስድስተኛው ቀን ነበር። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ አላበው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ። ሮጬ ማር አመጣሁ። አፉን ዘጋብኝ። «መግሪብ እኮ ደረሰ፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም» አለኝ። ሰዎች ጠርቼ ስመለስ አይሰማኝም ነበር። ሐኪም ቤት አድርሰነዋል፤ አልተመለሰም። በማግስቱ ቀበርነው።

አንድም ቀን አልፈታም፣ ጋሽ ያረጋል። ሸኽ ኡበይድ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥተው ለምነውታል። እኔም ለምኜዋለሁ። «መምህሩ ብቻውን አይበላም፣ እኔ ደግሞ ጾሜን ትቼ አላውቅም፤ ሁለቱም ይሆናል» ይለኝ ነበር። ያንን የምሳ ደብዳቤ የጻፈው በጾም አፉ ነው። እርስዎ የወደቁ ጊዜ ሊነግርዎ ፈልጎ ነበር፤ ሦስት ወረቀት ሲቀድ አይቻለሁ። ቀጠሮው ይለፍለት ብሎ ተወው። ከሐኪም ቤቱ በፊት፣ ሰው ሳይመጣ፣ የተናገረው የመጨረሻ ነገር «ሐሙስ ወረቀቱን እንዳትረሺ» የሚል ነው። ስለዚህ አልረሳሁም። ተካም እንዳይነግርዎ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አይቆጡት።

ቀሪውን የገብስ ቆሎ ልኬአለሁ። የተቀላቀለበት የባቄላ አሹቅ ለጥርስዎ ስለሚከብድ ለይቼ አውጥቼዋለሁ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ መሐላ ስለጠየቁት ሊምልልዎ አልፈለገም፤ ሐሰት ደግሞ በራሱ ደም መጻፍ አልቻለም። ከየካቲት 12 ጀምሮ የደረስዎ ቁጥር ሁሉ የተለካው በእኔ ጣት ነው፤ እስከ ዒድ እኔም ጾመኛ ነበርኩ። እኔ ስኳር የለብኝም።

ሳሌሃ